ስማቸው የጠፋ ጥቁር ወታደሮች ፎቶግራፍ

በአሜሪካ በሰሜንና በደቡብ ክፍሎች መካከል፣ በኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት በታሪክ ትምህርታችን ስንማር፣ የፕሬዚዳንት ሊንከንና የጄኔራሎቻቸው ስም ደጋግሞ ይነሣል። በሰሜኑ ጦር ተሰልፈው ስለ ተዋጉት 179,000 የሚያህሉ ጥቁር ወታደሮች ግን የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። ከእነርሱም 40,000 ያህሉ ሞተዋል፤ ከጥይትም ይልቅ የፈጃቸው በሽታ ነበር። የውጊያውን ነገር ለሌሎች ትተን፣ እኛ የምንጽፈው እነዚህ ሰዎች ትተዋቸው ስላለፉት ፎቶግራፎችና እነዚያን እየፈለጉ ስለሚሰበስቡ ሰዎች ነው።

በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ሊንከን ያወጁት የአርነት አዋጅ ጥቁሮች በሠራዊቱ እንዲመዘገቡ ፈቀደ። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲቀበል ለጥቁሩ 10 ዶላር ተመደበለት፤ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብሱ ይቆረጥበት ነበር። ደመወዙን ምክር ቤቱ ያስተካከለው በ1864 ነው። እንግዲህ ከዚህች 7 ዶላር ቀንሶ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው፣ መልኩ ለወገኖቹ እንዲቀርላቸው ምን ያህል እንደ ፈለገ አንባቢ ይገምት።

ብዙዎቹ ሥዕሎች የወጡት ጥቁር ቀለም በተቀባ ስስ ብረት ላይ ነው። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን ኔጋቲቭ ስለሌለው ሁለተኛ ቅጂ የለውም፤ እርሱ ከጠፋ ጠፋ ነው። ሰብሳቢዎችም ስለዚህ በብርቱ ይፈልጉታል። ሥዕሉ እንደ መስተዋት ግራና ቀኙ የተገለበጠ ስለ ሆነ፣ በመታጠቂያው ዘለበት ላይ ያሉት ፊደላት ወደ ኋላ ይነበባሉ፤ ይህን ያላወቀ ሰው ወታደሩን ግራኝ ነው ሊለው ይችላል። ፎቶግራፍ አንሺዎቹም ቁልፎቹንና ዘለበቱን በወርቅ ቀለም መንካት ይወዱ ነበር። በእኛ አስተያየት ባይነኩት በተሻለ ነበር፤ ዓይን ከሰውየው ፊት ይልቅ ወደ ቁልፉ ይሄዳልና።

ስም የሌለው ሥዕል እንኳ የሚናገረው ነገር አለው። በሚዙሪ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ በነበረው የቤንተን የጦር ሰፈር፣ ኢኖክ ሎንግ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ባንዲራና የጦር መሣሪያ የተሣለበት መጋረጃ ነበረው። ያ መጋረጃ ከወታደሩ በስተ ኋላ በታየ ጊዜ ቦታው ወዲያው ይታወቃል። የሊንከን አዋጅ ደግሞ ሚዙሪን አይጨምርም ነበር፤ በዚያ ክፍለ ሀገር ባርነት የተሻረው በጃንዋሪ 1865 ነው። ስለዚህ ጠመንጃውን ይዞ ከመጋረጃው ፊት የቆመው ሰው፣ እርሱ በመመዝገቡ ነጻ ሲወጣ እናቱ ወይም እኅቱ ገና በጌታ እጅ ኖረው ይሆናል።

ሥዕልም ይዋሻል፤ ወይም እንዲዋሽ ይደረጋል። በ1864 ገደማ በፊላደልፊያ አጠገብ በዊልያም ፔን ሰፈር የሠለጠኑ ጥቁር የሰሜን ወታደሮች ከነጭ መኮንናቸው ጋር ተሰልፈው ተነሥተው ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ሰው መኮንኑን ከዳር ቆርጦ አወጣውና «የሉዊዝያና ዘበኛ ጦር፣ 1861» የሚል ጽሕፈት ጨመረበት። በዚህም ለነጻነታቸው የተሰለፉት ሰዎች ባርነትን ለማቆየት ለተዋጋው ለደቡቡ ወገን በፈቃዳቸው እንደ ዘመቱ ተደርጎ ሥዕሉ ማስረጃ ሆኖ ተሸጠ። ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው ሥዕል ጋር አስተያይተው ተንኰሉን ገለጡት። እኛ እንደሚመስለን ይህ ሥዕሉን ከማቃጠል የከፋ ነው። የተቃጠለ ሥዕል ዝም ይላል፤ ይህ ግን በሟቾቹ ላይ ይመሰክራል።

ስማቸው የታወቀ ወታደሮችም አሉ። በባልቲሞር ከነጻ ቤተ ሰብ የተወለደው ክርስቲያን ፍሊትዉድ፣ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1864 በቨርጂንያ በተደረገው ውጊያ ባንዲራውን ከመሬት አንሥቶ በመሸከሙ ታላቁን የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል። ሜዳዩን በደረቱ አድርጎ የተነሣው ፎቶግራፍም ይገኛል።

ከሰብሳቢዎቹ መካከል ሊልየንክዊስት የተባለ አባት ከልጆቹ ጋር ሆኖ ያከማቻቸውን 700 ያህል ሥዕሎች በ2010 ለአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በነጻ ሰጠ። ከነዚህ አንዱ «ማንነቱ ያልታወቀ ጥቁር ወታደር ከሚስቱና ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር» ተብሎ ተመዘገበ። ሥዕሉ የተገኘው በሜሪላንድ፣ በሴሲል አውራጃ ነው። ልጆቹ አንድ ዓይነት ካፖርትና ባርኔጣ ለብሰዋል፤ አለባበሳቸውን ስናይ የእናታቸውን ጥንቃቄ እናያለን። የጥቁር ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች በሕግ ነጻ እንዲሆኑ ምክር ቤቱ የወሰነው በማርች 3 ቀን 1865 ነበር።

ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለ ሥዕል በትንሽ ሣጥኑ እንዳለ ባገኙ ጊዜ በጥንቃቄ አውጥተው ጀርባውን ይመለከታሉ። አንዳንድ ጊዜ ስም የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ከበስተ ኋላው ትገኛለች።