የኤድዋርድስ የከርሰ ምድር ውሃ፦ ከባለመሬት መብት ወደ ጋራ አስተዳደር

በአሜሪካዋ ቴክሳስ የሚገኘው የኤድዋርድስ ውሃ አዘል አለት፣ ማለትም በስንጥቆቹና በዋሻዎቹ ውሃ የሚያከማች የኖራ ድንጋይ ንብር፣ የዝናብና የወንዝ ውሃ በፍጥነት ስለሚሰርግበት ቶሎ የሚሞላ፣ በድርቅም ቶሎ የሚጎድል ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1904 እ.ኤ.አ. ባለመሬት ከይዞታው ሥር ያሻውን ያህል ውሃ እንዲቀዳ የሚፈቅደውን መርህ ስላጸደቀ፣ የጎረቤት ጉድጓድ ቢነጥፍም ካሣ አይጠየቅበትም ነበር። በ1950ዎቹ ብርቱ ድርቅ፣ ከዚሁ አለት የሚፈልቁት የኮማል ምንጮች በ1956 ለወራት ደረቁ። ሴራ ክለብ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በምንጮቹ የሚኖሩ ለመጥፋት የተቃረቡ ፍጥረታትን ጠቅሶ በ1991 ክስ ከመሠረተና በ1993 ከተፈረደለት በኋላ፣ የግዛቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት የኤድዋርድስን ውሃ የሚያስተዳድር ባለሥልጣን አቋቋመ፤ ባለሥልጣኑም የቀጂዎችን ድርሻ በፈቃድ ወስኖ፣ የጉድጓዶች የውሃ ከፍታ ሲወርድ ፍጆታን በየደረጃው መቀነስን ግዴታ አደረገ።