ፍርሃትን የረሳው ዓሣ

ገበሬ ለዘር የሚያስቀረው ምርጡን ነው፤ በሬም ሲገዛ ጉልበቱንና ጠባዩን አይቶ ነው። የሰው ልጅ ከብትንና በግን እንዲህ እየመረጠ ለማዳ ለማድረግ ብዙ ሺህ ዓመታት ፈጅቶበታል። ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ግን ኖርዌያውያን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ጠባዩን ለውጠውታል። እንዴት?

እ.ኤ.አ. በ1970 ግሮንትቬት የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በሂትራ ደሴት አጠገብ ሳልሞንን ባሕር ላይ በተዘረጋ የመረብ በረት ውስጥ ማርባት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ሃራልድ ሼርቮልድና ትሪግቬ ዬድሬም የተባሉ የእንስሳት እርባታ ሊቃውንት ከ40 ገደማ ወንዞች የተሰበሰበ ዘር ይዘው፣ በየትውልዱ ፈጥኖ የሚያድገውን መምረጥ ያዙ።

ደፋር ዓሣ ልምረጥ ብሎ የተነሳ አልነበረም። ይሁን እንጂ በበረት ውስጥ አዳኝ ስለማያሰጋ፣ ፈሪው ሲሸሸግ ምግቡ ያመልጠዋል፤ ደፋሩ ጠግቦ ያድጋል፣ ለዘርም ይቀራል። ዕድገት ሲመረጥ ድፍረትም አብሮ ተመረጠ። በ1997 የታተመ ጥናት ሰባተኛ ትውልድ የእርባታ ዓሣን የዘሩ ዋና ምንጭ ከሆነው የናምሰን ወንዝ ዓሣ ጋር አነጻጽሮ ነበር። የአዳኝ ጥቃት አስመስለው ሲያስደነግጧቸው፣ የእርባታው ጫጩት ከመሸሸጊያው ቀድሞ ወጣ።

ዳሩ ግን ማዕበል መረብ ይቀዳል። ያመለጠው ዓሣ ወንዝ ገብቶ ከዱሩ ጋር ይዋለዳል። በኢምሳ ወንዝ ተሞክሮ በ2000 በታተመ ጥናት፣ የእርባታው ዓሣ በዕድሜው ያፈራው ዘር የዱሩን 16 በመቶ ብቻ ያህል ነበር። ታዲያ እንዲህ ደካማ ከሆነ ምን ያሰጋል? የሚያሰጋው፣ ጫጩቶቹ ከመሞታቸው በፊት የዱሩን ምግብና ስፍራ መሻማታቸው ነው፤ የዚያ ወንዝ ምርት ከ30 በመቶ በላይ ቀንሷል። የተረፉትም ከዱሩ ጋር ደም ይቀላቅላሉ። በ2016 የወጣ ጥናት ከመረመራቸው 109 የኖርዌይ ወንዞች በ51ዱ ይህ ቅልቅል በግልጽ ታይቷል።

ዓሣው ምን ያድርግ? በበረት ያጠገበው ጠባይ በወንዝ ያስበላዋል። ስንዴ ከገለባ በሰፌድ ይለያል፤ ከደም የገባውን ግን የሚለይ ሰፌድ የለም። ስለዚህ በረቱን ማጥበቅ፣ ዝግ ገንዳ መሥራት፣ የማይወልድ ዓሣ ማርባት ወጪው ቢበዛም የሚያዋጣው ይኸው ነው። እርባታው ራሱ ዘሩን ያገኘው ከእነዚያ ወንዞች ነውና፣ ነገ አዲስ በሽታ ቢነሳ ዘር ፍለጋ የሚሄደውም ወደዚያው ነው።