አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከተጫዋችነት እስከ አሠልጣኝነት

ኳስ ተጫውተው ያለፉ ብዙዎች ናቸው፤ ተጫውተውም ያሠለጠኑ ጥቂቶች አይደሉም። እኛ ለዚህ የበዓል መጽሔት ታሪካቸውን የመረጥንላቸው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ግን፥ ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት፥ ከዚያም ወደ መላው አፍሪካ እግር ኳስ መሪነት የደረሱ ሰው ናቸው።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው በግጥምና በዜማ ስመ ጥር የነበሩት፥ ድምፃቸውንም በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ልጃቸው ግን ከዜማው ይልቅ ኳሱን ወደዱ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወዲያው ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ያዘ። የዘር ልዩነቱ ኳስ ሜዳውንም አልማረም፤ አገሬው ለብቻው፥ ኢጣልያኑ ለብቻው እንዲጫወት ተደረገ፤ ቡድኑም ስሙን ለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገደደ። አቶ ይድነቃቸው ያደጉት በዚህ ሜዳ ላይ ነው። እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለቡድናቸው 365 ግጥሚያ ተጫውተው 318 ግብ እንዳገቡ ይነገራል።

እኛ የአብደራፊ ልጆች በካርታ ብንለካው ከአዲስ አበባ ይልቅ ካርቱም ይቀርበናል። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም የተሰበሰቡት በዚያው በካርቱም ነበር፤ አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ እንቢ ስላለች ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተወገደች። ከእርሷ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በእኛ አስተያየት ግን ከዚያ ስብሰባ አንገት የሚያስደፋ ነገር ይዘን አልተመለስንም።

አምስት ዓመት ቆይቶ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድኑ ቱኒዝያን 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ያንኑ የግብፅን ቡድን ገጠመ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛዎቹም ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ፤ ሉቻኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱ ወርቁም በኋላ እንደ አሠልጣኙ ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት ተሸጋግሯል።

አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። የአልኮልና የትምባሆ ማስታወቂያ በአፍሪካ ውድድሮች እንዳይገባ ገንዘቡ እየቀረባቸው ተከላከሉ፤ ይህን ስንቱ ይችለዋል? ከሁሉ በላይ ግን በካርቱም የተጀመረውን ነገር አልተዉትም። ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እስክትባረር ድረስ ከታገሉት መካከል በግንባር የሚቆሙ ነበሩ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በሥልጣናቸው ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዙን ጥላ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር በአንድነት በተሰለፉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ በገዛ አገሯ ስታነሣ፥ እርሳቸው ካረፉ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር።