በጦርነት ዘመን የተዘፈኑ የመስኮብ ዘፈኖችና ዘፋኞቻቸው

ለጦር ሜዳ የሚስማማው ዘፈን የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው ደም የሚያፈላውንና ልብ የሚያስነሣውን ይመርጣል። እኛም ሽለላና ቀረርቶ እየሰማን ስላደግን እንዲህ ብንል አያስደንቅም። ነገር ግን ሶቪየት ኅብረት ከ1941 እስከ 1945 ከጀርመን ጋር ባደረገችው ጦርነት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በመስኮብኛ የተዘፈኑትን ዘፈኖች ታሪክ የሚመረምር ሰው፥ ነገሩ እንዲህ የቀለለ አለመሆኑን ይረዳል።

በእርግጥ የመጀመሪያው ዘፈን የፉከራ ወገን ነበር። የጀርመን ጦር ጁን 22 ቀን 1941 ድንበር ጥሶ በገባ በሁለተኛው ቀን፥ የባለቅኔው የቫሲሊ ሌቤዴፍ ኩማች «ቅዱስ ጦርነት» የተባለ ግጥም በጋዜጣ ወጣ። ወዲያውኑ አሌክሳንድር አሌክሳንድሮፍ ዜማ አበጀለት። ይህ ሰው በ1928 በ12 ሰዎች ብቻ የተቋቋመውን የቀይ ጦር የዘፈንና የጭፈራ ጓድ የሚመራ ነበር። ለማሳተም ጊዜ ስላልነበረ ዜማው በጥቍር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ዘፋኞቹ እንደ ገለበጡት ይነገራል። ሞስኮ በሚገኘው በቤሎሩስኪ የባቡር ጣቢያ ወደ ግንባር ለሚሄዱት ወታደሮች በተዘፈነ ጊዜም ሁሉም ብድግ ብለው ቆመው አዳመጡት ይባላል። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2016 ይኸው ጓድ ወደ ሶርያ ሲጓዝ አውሮፕላኑ ጥቍር ባሕር ላይ ወድቆ፥ ከሞቱት 92 ሰዎች ውስጥ 64ቱ የጓዱ አባሎች ነበሩ።

ወታደሩ ግን ለብቻው ሲሆን ያንጐራጐረው ሌላ ነው። «ሰማያዊው ሻሽ» የተባለውን ዘፈን እንውሰድ። ዜማው ከጦርነቱ በፊት በ1940 የተደረሰ ሲሆን ደራሲውም የርዚ ፒተርስቡርስኪ የሚባል የፖሎኝ ሰው ነበረ። ክላቭዲያ ሹልዤንኮ በተከበበችው በሌኒንግራድና በአካባቢዋ ባለው ግንባር እየተዘዋወረች ስትዘፍን፥ ይህን ዜማ ብትወድም የቀድሞው ግጥም ለጊዜው የሚስማማ አልሆነላትም። በ1942 ሚኻይል ማክሲሞፍ የተባለ የመቶ አለቃ አዲስ ግጥም ጻፈላት። በመጀመሪያው የከበባ ዓመት ብቻ ከ500 ጊዜ በላይ ለወታደሮች ዘፍናለች። ከተማው በረኃብ ሲያልቅ ስለ አንዲት ሴት ሻሽ መዝፈን ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ሰው የሚሞትለትን ነገር በስሙ ጠርቶ ያሳየው ከሰልፉ ዘፈን ይልቅ ይኸው ሻሽ ነው። በ1938 የተደረሰውም «ካትዩሻ» የአንዲት ልጃገረድ የፍቅር ዘፈን ሆኖ ሳለ፥ ወታደሮቹ ስሙን ለአስፈሪው የሮኬት መድፍ ሰጡት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የሊድያ ሩስላኖቫ ታሪክ ነው። በ1900 በሳራቶፍ አውራጃ ከገበሬ ወገን ተወልዳ፥ በልጅነቷ ወላጅ አልባ ሆና በእጓለ ማውታ ቤት ያደገች ናት። የባላገሩን ዘፈን በባላገር ልብስ ትዘፍን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከግንባር ግንባር ከመዞርዋም በላይ፥ በራስዋ ገንዘብ ካትዩሻ መድፎች አስገዝታ ለሠራዊቱ ሰጠች። በሜይ 1945 በርሊን በተያዘች ጊዜ በፈረሰችው ከተማ መካከል ቆማ ለድል አድራጊዎቹ ወታደሮች ዘፈነች።

ሦስት ዓመት ብቻ ቈይቶ፥ በ1948፥ ተያዘች። ባልዋ ጄኔራል ክሪዩኮፍ የማርሻል ዡኮፍ የቅርብ ወዳጅ ነበረ፤ ስታሊን ደግሞ በዡኮፍ ዝና ላይ ጥርጣሬ አድሮበት ነበር። የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ ሸክላዎችዋም ከገበያ ተነሡ። በየቤቱ በቃሉ ይዞ የሚዘፍነውን ሰው ግን ማን ሊከለክለው ይችላል? ስታሊን ከሞተ በኋላ በዚያው በ1953 ተፈታች፤ ወደ መድረክ ተመልሳም እስከ 1973 ኖረች። ቫዲም ኮዚን የተባለው የፍቅር ዘፈን ዘፋኝ ግን በ1944 ተይዞ ወደ ማጋዳን ከተጋዘ ወዲያ፥ ቢፈታም እንኳ እዚያው በሩቁ ሰሜን እስከ 1994 ቈይቶ ሞተ።

ማርክ በርኔስ ትልቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ተዋናይ ነበር። በ1943 «ሁለት ወታደሮች» በተባለው ፊልም «ጨለማው ሌሊት» የተባለውን ዘፈን በጊታር እንደሚያወራ ሆኖ ከዘፈነ ወዲህ ሕዝብ ወደደው። በ1968 የዳግስታኑ ባለቅኔ ረሱል ጋምዛቶፍ በአቫር ቋንቋ የጻፈው «ቁራኪዎች» የተባለ ግጥም ወደ መስኮብኛ ተመልሶ በመጽሔት ወጥቶ አየ። ጋምዛቶፍ ግጥሙን ያሰበው ሂሮሺማን በጐበኘ ጊዜ ነው። በርኔስ ግጥሙ ለመላው አገር እንዲሆን ስለ ተራራው ፈረሰኞች የሚናገረውን ቃል ወደ ወታደሮች አስለወጠ፤ ያን ፍሬንኬልም ዜማ አወጣለት። በዚያን ጊዜ በርኔስ የሳንባ ካንሰር ይዞት ነበር። በጁላይ 1969 ወደ ስቱዲዮ ሄዶ አንድ ጊዜ ብቻ ዘፍኖ ተቀረጸ። በኦገስት 16 ቀን ሞተ። «ቁራኪዎች»ን ሕዝብ የሰማው ከዚያች ከአንዲቱ ቅጂ ነው።