ባሌንሲያጋን ያመለከው ተማሪ

ባሌንሲያጋ የሚለውን ስም የዛሬ ወጣት የሚያውቀው ከጫማ ጋር ነው። በ2022 የቆሻሻ መጣያ ፌስታል የሚመስል የቆዳ ቦርሳ በ1,790 ዶላር ለገበያ አውጥቶ መሳቂያ የሆነውን ድርጅት ታስታውሱ ይሆናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ግን ከመነሻው የሰው ስም ነው፤ ያውም ጫጫታ የሚሸሽ፣ ለጋዜጠኛ አፉን የማይከፍት፣ ሥራ ቤቱ እንደ ቤተ መቅደስ ጸጥ ያለ ሰው። ይህን ሰው ዕድሜ ልኩን ያመለከ አንድ ተማሪ ነበር። በሁለቱ ታሪክ ውስጥ ያለው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ሰው ወደሚያደንቀው እየተጠጋ በሄደ ቁጥር የራሱን መንገድ ያገኛል ወይስ ያጣል?

ተማሪው ኡበር ደ ዢቫንሺ ነው። በ1927 ከፓሪስ በስተሰሜን ባለችው በቦቬ ተወለደ። ከተማዋ በግድግዳ ምንጣፍ ሽመና ስሟ የገነነ ነው፤ የእናቱ ቤተሰብም ከዚሁ ሙያ ጋር የተያያዘ ነበር። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተበት። በ10 ዓመቱ፣ በ1937ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የታላላቅ ፋሽን ቤቶችን ልብስ አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ዓመት የስፔንን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽቶ የመጣ አንድ የባስክ ሰው በፓሪስ ጆርጅ አምስተኛ ጎዳና፣ ቁጥር 10 ላይ ቤቱን ከፈተ። ክሪስቶባል ባሌንሲያጋ።

ዢቫንሺ 17 ዓመት ሲሞላው ንድፎቹን ይዞ ወደዚህ በር ሄደ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ጌታው ሰው አይቀበልም ተብሎ ከደጅ ተመለሰ።

እዚህ ላይ የባሌንሲያጋን የራሱን ልጅነት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1895 ጌታሪያ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወለደ። አባቱ ባሕረኛ፣ እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቱ ከምትሰፋላቸው ባለጸጎች አንዷ የካዛ ቶሬስ እመቤት ስትሆን፣ ልጁን የፓሪስ ልብሶቿን እንዲያይ ፈቀደችለት፤ አንዱን ቀሚሷን አስመስሎ እንዲሰፋም ጨርቅ ሰጠችው ይባላል። አድጎ ሳን ሴባስቲያን ላይ የራሱን ቤት ሲከፍትም ወደ ፓሪስ እየተመላለሰ የቪዮኔንና የሻኔልን ልብሶች ይገዛ፣ ስፌታቸውን ያጠና ነበር። የዓሣ አጥማጁ ልጅ የመኳንንት ቁም ሳጥን ተከፍቶለት ተማረ፤ የባላባቱ ልጅ ደግሞ ከዓሣ አጥማጁ ልጅ በር ተመለሰ። ታሪክ እንዲህም ይቀልዳል።

ያ በር መዘጋቱ ግን ሳይጠቅመው አልቀረም። በዚያ ዕድሜው ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከብዙ ረዳቶች አንዱ ሆኖ በቀረ። በምትኩ በኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት እየተማረ በዣክ ፋት ዘንድ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ፒጌ፣ ሌሎን፣ በመጨረሻም ስኪያፓሬሊ ጋ ሠራ። በየካቲት 1952፣ በ24 ዓመቱ፣ የራሱን ቤት ሲከፍት ገንዘብ ስላልነበረው ብዙውን ልብስ ከተራ ነጭ ጥጥ ሠራው፤ ከእኛ አቡጀዲ ብዙም የማይርቅ፣ ልብስ ሰፊዎች ለሙከራ የሚቆርጡት ዓይነት ጨርቅ ነው። ከዚሁ የተሠራው፣ በሞዴሏ በቤቲና ስም የተጠራው ሸሚዝ በአንድ ጊዜ ዝነኛ አደረገው። ልብሶቹ ቀላል፣ ተጫዋች፣ አንዱ ከሌላው ጋር እየተቀያየረ የሚለበስ ነበር። ኦድሪ ሄፕበርን በ1953 መጣች፤ ያን ታሪክ ሁሉም ስለሚያውቀው እንለፈው።

በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ግብዣ ላይ ከባሌንሲያጋ ጋር ተገናኘ። አሁን ከደጅ የሚመለስ ልጅ አይደለም፤ ስም ያለው ባለሙያ ነው። ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ እንደገና ተማሪ ሆነ። እስከዚያ የሠራው ሁሉ ገና ጅምር እንደሆነ የተረዳው ያኔ እንደነበር ሲናገር ኖሯል።

ምን ነበር የሚማረው? ባሌንሲያጋ ንድፍ ስሎ ለሌላ የሚያስረክብ ሰው አልነበረም። ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይሰፋል። በተለይ እጅጌ ያሳብደው ነበር፤ ያላማረውን እጅጌ ተርትሮ እንደገና ይገጥማል፣ እንደገናም ይተረትራል። ከስዊዘርላንዱ አብራሃም ድርጅት ጋር በ1958 ጋዛር የተባለውን ጠጠር ያለ ሐር አሠራ፤ ጨርቁ ራሱ ቆሞ ቅርጽ እንዲይዝ። በ1961 አንድ ስፌት ብቻ ያለው ካፖርት ሠርቷል። ዲዮርን የመሰለ ተፎካካሪ የሁላችንም መምህር ነው ይለው ነበር።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለቱ አብረው ፓሪስን ያስቆጣ ውሳኔ ወሰኑ፤ ትርዒታቸውን ለጋዜጠኞች ማሳየት ያለባቸው ለገዢዎች ካሳዩ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የአሜሪካ መደብሮች ለመቅዳት መብት ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ፎቶው በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ያልከፈለውም በነጻ ይገለብጠዋል። ለባሌንሲያጋ ይህ ብዙ አያሰጋም። አዲስ ቤት ለከፈተ ወጣት ግን የፋሽን ጋዜጠኞችን ማኩረፍ ቀላል ቁማር አልነበረም።

ዋጋውም ነበረው። በ1957 ሁለቱም ወገብ የሌለውን፣ ሰዎች በፌዝ ጆንያ ያሉትን ቀሚስ አሳዩ። በ1959 ዢቫንሺ ቤቱን ወደ ጆርጅ አምስተኛ ጎዳና ቁጥር 3 አዛወረ፤ ከመምህሩ ፊት ለፊት ማለት ነው። ተቺዎች ያኔ ጀምረው የቤቲና ሸሚዝ ፈጣሪ ጠፋ፣ የባሌንሲያጋ ጥላ ሆነ ይላሉ። ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳቅና ጨዋታ በኋለኞቹ ሥራዎቹ ላይ በእጅጉ ቀንሷል። ነገር ግን መቅዳት ማለት ውጤቱን መውሰድ ነው፤ ዢቫንሺ የወሰደው የአሠራሩን ጭንቀት ነው። የጆንያውን ቅርጽ ከፎቶ ማንም ሊያገኘው ይችላል፤ አሥር ጊዜ የተተረተረውን እጅጌ ግን ፎቶ አያሳይም። ቤቱን ራሱ እስከ 1995 የመራውም ይህን ይዞ ነው።

በ1968፣ ፓሪስ በተማሪዎች አመፅ ስትናጥ፣ የ73 ዓመቱ ባሌንሲያጋ ቤቱን ዘጋ። ያለ ልክ የሚሰፋው የፋብሪካ ልብስ ዘመን መጥቶ ነበር፤ እሱ ደግሞ በዚያ ዓለም ቦታ እንደሌለው አውቋል። በኋላ ሲነገር እንደኖረው፣ ከታላላቅ ደንበኞቹ አንዷን አሜሪካዊቷን በኒ ሜለንን መንገዱን አሻግሮ ለዢቫንሺ አስረከባት። እሱም ለእሷ ከእራት ልብስ አንስቶ አትክልት ስትኮተኩት እስከምትለብሰው ድረስ ሲሰፋላት ኖረ። ባሌንሲያጋ በመጋቢት 1972 ሞተ።

ዛሬ የሁለቱ ስሞች ባለቤቶች ተፎካካሪ ኩባንያዎች ናቸው፤ ባሌንሲያጋ የኬሪንግ፣ ዢቫንሺ የኤልቪኤምኤች። በጌታሪያ ግን ሌላ ነገር አለ። በ2011 የባሌንሲያጋ ሙዚየም በትውልድ መንደሩ ሲከፈት፣ ከጀርባው ያለው ተቋም መሥራች ፕሬዚዳንት ዢቫንሺ ነበር። የበኒ ሜለን ልብሶችም እዚያው ይገኛሉ። በመጋቢት 2018 በ91 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ፣ ስለ ራሱ ሥራ ሲጠየቅ ወሬውን ወደ ባሌንሲያጋ ይመልሰው ነበር።