በባዝ ጎዳናዎች የንጉሠ ነገሥቱን የስደት ዱካ ተከትሎ

የማይጨውን ጦርነትና የጄኔቫውን ንግግር ስንተርክ ብዙ ጊዜ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድል እንሻገራለን። በመካከሉ ያሉት አራት የስደት ዓመታት ይዘለላሉ። እነዚያ ዓመታት ያለፉት ባዝ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ሲሆን፣ በሮማውያን ፍል ውኃ መታጠቢያና በቢጫማ ድንጋይ ሕንፃዎቿ የታወቀችውን ይህችን ከተማ በእግር የሚዞር ሰው ታሪኩን ቦታው ላይ ቆሞ ሊያነበው ይችላል።

መነሻችን የባቡር ጣቢያው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል አልፈው ግንቦት 26 ቀን እንግሊዝ ገቡ። መውጣታቸው ብርቱ ክርክር አስነሥቷል፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሳሰሉ ሰዎች ንጉሥ አገሩን ጥሎ መሄድ የለበትም ብለው ተቃውመዋል። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ቢሉም የረዳቸው አልነበረም። በዚያው ክረምት ባዝ መጡ።

ከጣቢያው ወንዙን ተሻግረን ወደ ምሥራቅ ስናቀና መጀመሪያ ያረፉበትን ባዝ ስፓ ሆቴል እናገኛለን። ከዚያ ተመልሰን በግራና ቀኝ ሱቆች በተደረደሩበት በፑልትኒ ድልድይ አልፈን ወደ መሐል ከተማ እንገባለን። እዚህ ሊትል ቲያትር የሚባል አነስተኛ ሲኒማ ቤት አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ራሳቸው የተቀረጸ የዜና ፊልም ያዩት በዚህ እንደሆነ ይነገራል።

ከመሐል ከተማ ወደ ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በኬልስተን መንገድ ላይ ፌርፊልድ ቤት ይገኛል። ገዝተው የኖሩበት ይህ ነው፤ የጉዞው ዋና ስፍራም እሱ ነው። እቴጌ መነን ብርዱን አልቻሉትምና ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተማሩ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. የልዕልት ተናኘ ወርቅ ባለቤት ራስ ደስታ ዳምጠው በፋሺስቶች መገደላቸው ሲሰማ ቤቱ የኀዘን ቤት ሆነ። በመስከረም 1931 ዓ.ም. ደግሞ ደራሲውና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚሁ በስደት አገር አረፉ፤ ከነፃነት በኋላ አፅማቸው ወደ አገራቸው ተመለሰ።

ችግሩ የገንዘብም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚገባውን ዕዳ እንዲከፍል ከስሰው በመጀመሪያው ፍርድ ረቱ። ይግባኙ ሳይወሰን ግን በኅዳር 1931 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት የኢጣልያን ወረራ በሕግ አወቀው፤ ገንዘቡም የኢጣልያ ንጉሥ ነው ተባለ። አገር ሲወሰድ ዕዳ የመጠየቅ መብትም አብሮ እንደሚወሰድ ይህ ፍርድ በግልጽ ያሳያል። ሆኖም በባዝ ዓመታቸው ደብዳቤ ከመጻፍ፣ ከመሟገትና ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ከማዘጋጀት አልቦዘኑም። በአገር ቤት ደግሞ አርበኞች በየዱሩ ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ነበር።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በብሪታንያ ላይ ጦርነት ስታውጅ የለንደን ፖሊሲ ተገለበጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር በአውሮፕላን ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ካርቱም ሄዱ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ።

በጥቅምት 1947 ዓ.ም. ለጉብኝት ሲመለሱ ባዝ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። እሳቸውም በ1958 እ.ኤ.አ. ፌርፊልድን ለከተማዋ አረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን አበረከቱ። በመከራ ጊዜ ያስጠጋቸውን ሕዝብ እንዲህ ማመስገናቸው ከታሪኩ ሁሉ የሚያኮራው ክፍል ነው። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ አረጋውያን ይሰባሰቡበታል፣ ራስ ተፈሪያንም እንደ ቅዱስ ስፍራ ይጎበኙታል።

በብሪታንያ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ባዝ ከለንደን በባቡር ሩቅ አይደለችም። የጉብኝት ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በንጉሡ መውጣት የተስማማም ያልተስማማም ሰው ስለ እነዚያ አራት ዓመታት ከመፍረዱ በፊት ፌርፊልድን ቢያይ ፍርዱ የተሟላ ይሆናል።