የካላማዙ ቃል ኪዳን፦ ለአንድ ከተማ ተመራቂዎች የተሰጠ ነፃ የኮሌጅ ትምህርት

የከፍተኛ ትምህርትን ወጪ መሸከም ያለበት ማን ነው የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ሲያከራክር የኖረ ነው። በአሜሪካ፣ የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1847 ያቋቋመው፣ ኋላም ሲቲ ኮሌጅ የተባለው ነፃ አካዳሚ፣ የከተማውን ልጆች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያለ ክፍያ አስተምሯል። ይሁን እንጂ ከተማው በገጠመው የገንዘብ ቀውስ የተነሣ በ1976 ክፍያ ተጀመረ። ከ29 ዓመታት በኋላ ይኸው ሐሳብ በሌላ መልክ፣ በሚሺጋን ግዛት በምትገኝ ካላማዙ በምትባል መካከለኛ ከተማ እንደገና ብቅ አለ።

ካላማዙ የኖረችው በአመዛኙ በፋብሪካዎች ነበር። በ1886 የተመሠረተው የአፕጆን የመድኃኒት ኩባንያ በ1995 ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ፣ በ2003 ደግሞ በፋይዘር ሥር በመጠቃለሉ ብዙ የሥራ ቦታዎች ተዘጉ። የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎችም ቁጥር ለብዙ ዓመታት ሲያሽቆለቁል ቆይቶ ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች፣ ኅዳር 10 ቀን 2005 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ ዶክተር ጃኒስ ብራውን በትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ላይ አዲስ ዜና አበሰሩ። ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ በጎ አድራጊዎች ከ2006 ጀምሮ ለሚመረቁት ተማሪዎች የኮሌጅ ክፍያ ለመሸፈን ቃል ገብተዋል የሚል ነበር።

የዕቅዱ ደንብ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። መመዘኛው የወላጅ ድህነት ወይም የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ሳይሆን በከተማው ትምህርት ቤቶች የተቆጠረ ዘመን ነበር። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የተማረ ተማሪ በግዛቱ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች 100 በመቶ ይከፈልለታል፤ በ9ኛ ክፍል የገባ 65 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የገባ ግን ምንም አያገኝም። ስለዚህ ስጦታው ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በከተማው እንዲሰነብት የሚያበረታታ ነበር። ውጤቱም በአጭር ጊዜ ታየ፤ በ2005 ከ10,000 ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የተማሪ ቁጥር በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ12,000 በላይ ሆነ።

ሁለተኛው ልዩ ነገር የአከፋፈሉ ቅደም ተከተል ነው። ኋላ የተነሡ አንዳንድ ዕቅዶች፣ ለምሳሌ በ2014 የታወጀው የቴነሲ ዕቅድ፣ የሚከፍሉት ሌላው እርዳታ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ብቻ ነው። በዚህ ስሌት የመንግሥት እርዳታ የሚያገኘው ድኻ ተማሪ ከአዲሱ ዕቅድ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ይሆናል። የካላማዙው ግን አስቀድሞ ስለሚከፍል፣ ድኻው ተማሪ የመንግሥቱን እርዳታ ለመጽሐፍ፣ ለምግብና ለመኖሪያ ሊያውለው ይችላል።

በከተማው የሚገኘው የአፕጆን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች በ2015 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ የኮሌጅ ዲግሪ ወይም ሌላ ምስክር ወረቀት ያገኙት ተመራቂዎች ከ100 በ10 ገደማ ጨምረዋል፤ ይህም ቀድሞ ከነበረው አንድ ሦስተኛ ያህል ዕድገት ነው። አስቀድሞ የወጣ ሌላ ጥናታቸውም ተማሪዎቹ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ በዲሲፕሊን ጉድለት ከትምህርት የሚታገዱባቸው ቀናት መቀነሳቸውንና የጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ውጤት መሻሻሉን አመልክቷል። የተስፋው ኃይል ኮሌጅ ከመድረሳቸው በፊት፣ በመምህራቸው ፊት መታየት ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ከዚህ ሁሉ በኋላ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ ምስክር ወረቀት ያላገኙት ከግማሽ በላይ ነበሩ። ክፍያው ተሸፍኖላቸው ሳለ ትምህርቱን ያልፈጸሙት ወጣቶች የሚያስተምሩት ቁም ነገር አለ። የገንዘብ መሰናክል ሲነሣ ከበስተኋላው የነበሩት መሰናክሎች፣ ማለትም የመሠረታዊ ትምህርት ድክመት፣ የኑሮ ችግርና የመካሪ ማጣት፣ ጎልተው ይታያሉ። ከተማዋም ይህን በመገንዘብ በማስጠናትና በምክር አገልግሎት ላይ መሥራት ግድ ሆኖባታል።

እንግዲህ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያቅድ ሁሉ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ሊመዝን ይገባዋል። አንደኛው የኒውዮርክ ታሪክ እንደሚያሳየው የገንዘቡ ምንጭ ዘላቂነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካላማዙ እንዳስተማረችው፣ ልጁ በ18 ዓመቱ ለሚከፈትለት በር ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የሚደረግለት ዝግጅት ነው። ክፍያው በሩን ይከፍታል፤ ገብቶ የሚጸናውን ተማሪ የሚያዘጋጀው ግን የዕለት ተዕለቱ የክፍል ሥራ ነው።